ለሥራ የተላኩ ሽማግሌዎች

ቃል የሰጠ ሰው ቃሉን ይጠብቃል። ልጆቼን ይህን ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ዛሬም ሌላ የማስተምረው የለኝም። የቃሉን ሸክም ግን ሁልጊዜ ቃል ሰጪው ራሱ እንደማይሸከመው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። በልጅነቴ ሼህ ዘንድ ቁርአን ቀርቻለሁ፤ የአማርኛ ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውን ከልጆቼ መጻሕፍት ጋር አብሬ ጀምሬ፣ እነሱ ሲያልፉኝ ቆምሁ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ያወቃትን ጥቂት ነገር በራሱ ትግል ስላገኛት፣ እውነት ሁሉ በዚያው መንገድ ብቻ የሚገኝ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ቤቴ ውስጥ ብዙ እናገራለሁ፣ ጥቂት እሰማለሁ።

ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ታላቂቱ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ዓረብ አገር ሄደች። በእኛ ከተማ ይህ ወሬ አይሆንም፤ ልጁ ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። እኔ ተቃውሜ ነበር። ተቃውሞዬ ግን የቤታችንን የዛገ ቆርቆሮ አልቀየረም፤ የቀየረችው እሷ ናት። ታናሺቱ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ኮምፒውተር በሰው እጅ ላከችላትና በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ "አባየ፣ ይቺን አደራ። ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ በአገሩ ይሥራ።" ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን የሚጠበቀው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ታናሺቱ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ እህቷን ሳትከተል እንድትቀር።

ዘመኑ ለውጥ መጣ የተባለበት ነበር። ወጣቶቹ የአዲሱ መሪ ፊት የታተመበት ካናቴራ እያመጡ "ጎኑን አጥብበው" ይሉኛል፤ እኔ አጠብባለሁ። ከሱቁ ውስጥ ሬዲዮው አገሪቱን በቴክኖሎጂ የሚያሻግሯት ወጣቶች ናቸው ይላል፤ እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥሁ እሰማለሁ። በልቤ አምኜ ነበር ብል ውሸት አይደለም። ቆየት ብሎ በሰሜን ጦርነት ሲነሳ ከእነዚያው ወጣቶች ጥቂቶቹ ተመልሰው መጡ። ያን ጊዜ የፈለጉት የስንቅ ከረጢት ነበር፤ በትከሻ የሚያዝ፣ ማንገቻው ወፍራም የሆነ። እሱንም ሰፋሁላቸው።

ልጄ የምትማረው ሶፍትዌር ምህንድስና የሚባለውን ነው። ምን እንደሆነ እንድታስረዳኝ ስጠይቃት፣ ልብስ ከመቁረጤ በፊት ልኩን የምነድፍበትን ወረቀት አነሳች።

"ይሄ ወረቀት ልብስ አይደለም፤ ግን ያለ እሱ አይቆርጡም አይደል? እኔ የምጽፈው እንዲህ ያለውን ነው። ኮምፒውተሩ እሱን እያየ ይቆርጣል።"

"ኮምፒውተሩ ቢሳሳትስ?"

"እሱ አይሳሳትም አባየ። ተሳሳተ ከተባለ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ይህን አነጋገሯን ወደድሁት። ጥፋትን በመሣሪያ የማያሳብብ ሙያ ንጹሕ ሙያ ነው ብዬ ተቀበልሁ።

አራተኛ ዓመት ላይ ተማሪው ሁሉ ግማሽ ዓመት ያህል ቢሮ ገብቶ መሥራት አለበት። ኢንተርንሽፕ ይሉታል። እሱን ያላለፈ አይመረቅም፤ ቦታውን የሚፈልገውም ተማሪው ራሱ ነው። ልጄ በክረምቱ መግቢያ ኔትወርክ በሚሻልበት በሐይቁ ዳር እየተቀመጠች ለብዙ ቦታ ጻፈች። ሁለት መለሱላት።

አንደኛው አዲስ አበባ ነበር። ትልቅ ድርጅት ነው፤ ሰው በስልኩ ገንዘብ የሚልክበትን ነገር ይሠራሉ። ደብዳቤያቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለልጄ ተርጉሚልኝ ሳልል ራሴ አነበብሁት፤ ጨዋ ደብዳቤ ነበር። ሁለተኛው ደሴ ነበር። ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አራት ወጣቶች ለመድኃኒት ቤቶች የዕቃ መቆጣጠሪያ ይሠራሉ። ደመወዝ አይከፍሉም፤ ምሳ አለ።

ልጄ የፈለገችው አዲስ አበባን ነው። ይህን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የአዲስ አበባውን ደብዳቤ ስታነብ ቀና ብላ ነው፣ የደሴውን ስታነብ አንገቷን ደፍታ ነው። እዚያ ከሠለጠኑት ብዙዎቹን እንደሚቀጥሯቸው ከቀደሙ ተማሪዎች ሰምታለች። ታላቂቱም በስልክ የቤት ኪራይዋን እኔ እችላለሁ፣ ልቀቋት ብላ ለመነች። እናቷ በሁለቱ መካከል ቆማ ነበር፤ ቀን ደሴ፣ ማታ አዲስ አበባ ትላለች።

እኔ ለደሴ አደላሁ። ምክንያቴን ሁሉ ደርድሬ ተናገርሁ። ዘመድ በሌለበት ከተማ ያለች ሴት ልጅ አጥር የሌለው አትክልት ናት አልሁ። ትልቅ ቤት ውስጥ ትንሽ ሰው አይታይም፣ ትንሽ ቤት ውስጥ ግን የሠራሽው ሁሉ ይታያል አልሁ። ይህን አሁንም አምንበታለሁ። እውነቱ ግን አዲስ አበባን የማውቀው ጨርቅ ላመጣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ኪሴን ተሰርቄአለሁ። ሰው ፍርሃቱን ምክር ብሎ ይሸጣል፤ ገዢው ልጁ ከሆነ ደግሞ ሳይከራከር ይገዛዋል።

ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ ሽማግሌዎቹ መጡ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከበረንዳዬ ወደ ቤት ስገባ ሁለት አዛውንት በሬ ላይ ቆመው አገኘሁ። አንደኛው ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ የአምባሰል ገበሬ፣ ከግሸን ሥር የመጡ ክርስቲያን ናቸው። ሁለተኛው የዚያው አገር ሼህ፣ ዱላቸውን ተደግፈዋል። ግቡ ተቀመጡ ብል፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ይህን ቃል የሚናገር ምን ፈልጎ እንደሚመጣ ወሎ ውስጥ ሕፃንም ያውቀዋል። የልጆቼ እናት ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ገና ሳይጀምሩ ቀደምኋቸው፤ ልጄ ትምህርት ላይ ናት፣ ለጋብቻ አልደረሰችም አልሁ።

የአምባሰሉ ሽማግሌ ፈገግ አሉ። "እኛስ ለትምህርቷ አይደል የመጣነው?"

ሼሁ ጣልቃ ገቡ። "ለጋብቻማ ቢሆን እኔን አያመጡኝም። እኔ የገባሁበት ኒካሕ ሁሉ ይፈርሳል እየተባልሁ ስታማ የኖርሁ ሰው ነኝ።"

ከጓዳ የሚስቴን ሳቅ ሰማሁ።

ነገሩ ይህ ነበር። የደሴውን ቢሮ የከፈተው ወጣት የአምባሰሉ ሽማግሌ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ወስዶ ነበር። አባቷ፣ ሴት ልጁ ከወንዶች ጋር አንድ ክፍል ተዘግቶባት ትውላለች ሲባል ሰምቶ፣ ሥራ በጀመረች በሳምንቷ እጇን ይዞ አስወጣት። ወጣቱ ከዚያ ተማረ። ደብዳቤ ለተማሪዋ ይበቃል፣ አባቷ ግን በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው ብሎ አባቱን ለመነ። አባትዬው ደግሞ የእኔን ቤት እምነት ሲሰሙ፣ ለብቻዬ አልሄድም ብለው ጎረቤታቸውን ሼህ ይዘው፣ በእግርም በመኪናም መጡ።

"ጠዋት ትሄዳለች፣ ሳይመሽ ትመለሳለች" አሉኝ የአምባሰሉ ሽማግሌ። "ክፉ ዓይን ቢያያት፣ ክፉ ቃል ቢናገራት፣ ተጠያቂው ልጄ አይደለም፤ እኔ ነኝ።"

ምን ልበል? አንድ ሥራ እንዲህ ሲጠየቅ አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር። አዲስ አበባዎቹ ልጄን ፈለጓት፤ እኚህ ሰዎች ግን እኔንም ቆጠሩኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ከወገቡ ጎንበስ ሳይል ሱሪ ሲወረውርልኝ የኖርሁ ሰው ነኝ። ክብር ሲመጣልኝ ማስተናገድ አልለመድሁም፤ ውስጤ ገብቶ አሰከረኝ።

በደንቡ መሠረት በመጀመሪያው ቀን እሺ አልተባለም። ተመካክሬ ልመልስ ብዬ ለሚቀጥለው የገበያ ቀን ቀጠርኋቸው። ልጄን ጠርቼ ምን ትያለሽ አልኋት። እርስዎ እንዳሉ አለች። ይህ መልስ በእኛ ቤት የታወቀ መልስ ነው፤ እኔም ከእሱ አልፌ አልጠየቅሁም።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው መጡ፤ ቃሌን ሰጠሁ፤ ያን ጊዜ ተቀመጡ፣ በሉ። ሼሁ የቁርአኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን ቀሩ፣ የአምባሰሉ ሽማግሌ ተነስተው መረቁ። አሚን ያለውና አሜን ያለው ተቀላቅሎ ማን የቱን እንዳለ አይለይም ነበር። እንዲህ የታሰረ ቃል እንዴት እንደሚፈታ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ወገን ስለፈለገ አይፈታም፤ ቃሉን የያዙት ሽማግሌዎች ባሉበት፣ እንደታሰረው በዱዓ ይነሳል።

ልጄ ለአዲስ አበባዎቹ ይቅርታ ጠይቃ ጻፈች። እነሱም አንድ ቦታ ገና ስላልሞላ፣ ሐሳቧን ብትቀይር እስከ መስከረም መጨረሻ እንደሚጠብቋት መለሱላት። ለእኔ አልነገረችኝም። የነገረችኝ በኋላ ነው።

ክረምቱ ሳያልቅ ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። ከወልድያ በኩል ሰው በአስፋልቱ ይጎርፍ ጀመር፤ ፍራሽ የጫነ ባጃጅ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ሕፃን ያዘለ። የሐይቅ ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ሞሉ። በረንዳዬ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ደሴ አትነካም ይላል። ለምን እንደማትነካ የሚያስረዳ ግን የለም። ሁላችንም ደሴን የምናውቃት ትልቅ ሆና ስለሆነ፣ ትልቅ ነገር አይወድቅም ብለን ነበር።

መስከረም ላይ ልጄ ልብስ ስቆርጥ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"አባየ፣ አዲስ አበባዎቹ እንደገና ጽፈዋል። የሚጠብቁኝ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።"

"ቃል ሰጥተናል።"

"የሰጡትስ እርስዎ ነዎት።"

እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። መቀሱን አስቀመጥሁ። "በአንቺ ስም ነው የሰጠሁት" አልኋት።

"እንግዲያው በእኔው ስም ይመልሱልኝ።"

ያን ዕለት አልተቆጣኋትም። ነገሩ ልክ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ጦርነት በሚመጣበት መንገድ ላይ ልጁን የሚያቆም አባት የለም። ግን ቃሉ ይነሳ ዘንድ ሰዎቹ ያስፈልጉኛል። ሰዎቹ ያሉት አምባሰል ነው፤ አምባሰል ደግሞ የሚሄድ መኪና የለም፣ ስልኩም አይሠራም።

ልጄ በማግስቱ ደሴ ሄዳ ወጣቱን ራሱን አነጋገረችው። በእኔ በኩል ነፃ ነሽ፣ ሂጂ፣ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እሄድ ነበር ብሎ መለሰላት። ደስ ብሏት ተመልሳ ነገረችኝ። እኔ ግን ቃሉን የሰጠሁት ለእሱ አይደለም፣ ለአባቱ ነው አልሁ። ልጅ አባቱ ያሰረውን አይፈታም።

የልጆቼ እናት ይህን ስትሰማ የያዘችውን ሰፌድ መሬት ላይ ጣለችው። "ሰውየው በጥይት መሃል ቁጭ ብሎ የአንተን ቃል ይጠብቃል?"

"ይጠብቃል" አልሁ።

ከብቶቹን ሊያወጣ ወደዚያው የሚሄድ አንድ ሰው አግኝቼ መልእክት ላክሁ፤ ወይ እንዲመጡ፣ ወይ በታመነ ሰው ቃሉን እንዲያነሱልኝ። ልጄ ከዚያ በኩል የሚመጣ ሰው እንዳያመልጣት ቀኑን ሙሉ በረንዳዬ አጠገብ ቆማ ትውላለች። የሚያልፈውን ሁሉ ከየት ነህ ትለዋለች። ከአምባሰል የሆነ ሲገኝ ስለ ሽማግሌው ትጠይቀዋለች። አንዱ አላውቃቸውም ይላል፤ ሌላው መንገዱ ተቆርጧል ይላል። መልእክት የያዘው ሰውም አልተመለሰም። መስከረም አለቀ። አዲስ አበባዎቹ ሌላ ሰው ወሰዱ።

እንግዲህ ሰው ይፍረደኝ። ቃሌን ሰብሬ ብልካት ኖሮ፣ ያ ሽማግሌ አንድ ቀን በሬ ላይ ቆሞ ልጅህስ ቢለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ስላልሰበርሁት ደግሞ ለልጄ የምመልሰው የለኝም። በመጻሕፍት ብዙ ፈልጌአለሁ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀልል የሚናገር አላገኘሁም።

ጥቅምት ላይ ደሴ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሏት ነበር ብል አልዋሽም። ማታ ስትመለስ የመድኃኒት ስም እየጠራች፣ ጊዜው ያለፈበትን ከመደርደሪያው የሚያስወጣ ነገር እየሠራሁ ነው ትለኛለች። በሁለተኛው ሳምንት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከቦሩ ሜዳ በኩል ይሰማ ጀመር። ወጣቱ ሁላችሁም ወደ ቤተሰቦቻችሁ ሂዱ ብሎ ቢሮውን ዘጋ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ከደሴ ወደ ደቡብ ይሸሻል። እሷ ብቻ፣ ቤተሰቧ ሐይቅ ስለሆነ፣ በባዶ ሚኒባስ ወደ ሰሜን መጣች። ሹፌሩ ሚስቱን ሊያወጣ የሚመለስ ሰው ነበር። በመንገድ ያገኛቸው ሁሉ ወዴት ልትሄዱ ነው እያለ ይጮህባቸው እንደነበር ነገረችን።

ከዚያ በኋላ ከተሞቻችን በታጣቂዎች እጅ የቆዩበትን ወር ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ እኔ የቤቴን ብቻ ልናገር። ኮምፒውተሩን በጨርቅ ጠቅልለን ከሰል ማዳበሪያ ውስጥ ቀበርነው። ቤቱን ሊፈትሹ ከገቡት ታጣቂዎች አንዱ፣ ልጄን የሚያህል ልጅ፣ ደክሞት እዚያው ከሰሉ ላይ ተቀመጠና ውኃ ጠየቀ። ልጄ ራሷ ሰጠችው። ሲወጡ የልብስ ስፌት መኪናዬን ከነጠረጴዛው ተሸክመው ሄዱ። ኮምፒውተሩ ተረፈ። ያን ጊዜ ይህን እንደ ትልቅ ድል ቆጥረን አልሐምዱሊላህ አልን።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጥተው መንገዱ ሲከፈት ከልጄ ጋር ደሴ ሄድን። የቢሮው በር ተገንጥሏል። ኮምፒውተሮቹ የሉም፤ ሽቦው ከግድግዳው ተመዝዞ ወጥቷል። የቀረው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነጭ ሰሌዳ ብቻ ነበር። በልጄ እጅ የተጻፈ ሣጥንና ቀስት ሞልቶበታል። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። "መድኃኒቱ ከገባ ጀምሮ እስኪሸጥ ያለው መንገድ ነው" አለችኝ። በእጅጌዋ ልታጠፋው ጀመረችና ተወችው። ወጣቱ ወደ ደቡብ ሸሽቶ በዚያው ቀርቷል፤ ቢሮውን መልሶ እንደማይከፍት በሰው ልኮ ነበር።

ጥቂት ሰንበትበት ብሎ፣ አንድ ጠዋት የአምባሰሉ ሽማግሌ መጡ። ብቻቸውን ናቸው፤ ከስተዋል፤ የያዙት ዱላ የሼሁ ዱላ ነው። ግቡ ብል እንደ መጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆሙ።

"ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም" አሉ። "ቃሉን ላነሳልህ ነው የመጣሁ።"

የሚነሳ ነገር እንደሌለ፣ ቢሮው እንደጠፋ ልነግራቸው ጀመርሁ። እጃቸውን አንስተው ከለከሉኝ። መልእክቴ ደርሷቸው ነበር። ከሼሁ ጋር ሆነው ሁለት ጊዜ ሊመጡ ተነስተው፣ ሁለቱንም ጊዜ ውጊያው መልሷቸዋል። "ወንዱ ልጄ ነፃ ነሽ ካላት እኔ ምን ቀረኝ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር" አሉ። ሼሁ ግን አልተዋቸውም።

"'ያ ልብስ ሰፊ እኛ በሩ ላይ ካልቆምን አይለቃትም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ' አሉኝ።" አንገታቸውን ደፉ። "ስኳር ነበረባቸው። መድኃኒቱ ከየት ይምጣ? ኅዳር ላይ ቀበርናቸው።"

ልጄ መጋረጃው ጋ ቆማ ትሰማለች። መድኃኒት የሚለው ቃል ሲጠራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሽማግሌው ያን ቃል ያሰርነው ሁለት ሆነን ነው፣ የእሳቸውን ፋንታ አንተ በል አሉኝ። እኔ ሼህ አይደለሁም። ግን ሌላ ማን አለ? በሩ ላይ እንደቆምን ፋቲሃ ቀራሁ። እሳቸው ደግሞ "የታሰረው ይፈታ፣ የተዘጋው ይከፈት፣ ልጄ ሆይ ካሰብሽበት ድረሺ" ብለው መረቁ። ያን ጊዜ ገብተው ተቀመጡ። ያቀረብንላቸውን ትንሽ ቀምሰው ያንኑ ቀን ተመለሱ። ከአምባሰል ድረስ በዚያ ዕድሜ በእግራቸው የመጡት ለዚህ ብቻ ነው። ሰው እንዲህ ሲሆን አይቻለሁና፣ ቃል ከንቱ ነው የሚለኝን አልሰማም። የመጡበት ነገር ግን ማንንም አልጠቀመም።

ስልኩ ሲለቀቅ ልጄ ለአዲስ አበባዎቹ ጻፈች። ስላገኛችሁ ነገር አዝነናል፣ ቦታው ተይዟል፣ ለዚህ ዓመት ሌላ አንወስድም የሚል ጨዋ መልስ መጣ። ለሌሎችም ጻፈች፤ አብዛኞቹ አልመለሱም። ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፎ ነበርና ቦታ ያገኘ ይቀጥል፣ ያላገኘ ይጠብቅ አላቸው። ጠበቀች። በጋውን ጠበቀች፣ በልጉን ጠበቀች። እኔ በሰው መኪና በተራ እየሰፋሁ የምናገረውን አላጣሁም፤ ትዕግሥት እንዲህ ነው፣ ዕውቀት አይሰረቅም እላታለሁ። ፊቴን እያየች ትሰማኛለች። አንድ ቀን ግን ሰምታ ስትጨርስ "የፓስፖርት ፎቶ ተነስቻለሁ" አለችኝ።

ታላቂቱ ደወለች። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የሚገባኝም ነበር። አልጮኸችም። "እኔ ያለሁበት ሰፈር ቤት እፈልግላታለሁ። ብቻዋን አትሆንም" አለች። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለጉዞዋ ከእህቷ የተላከው ጥቁር ዓባያ ይረዝማታል። ልኳን ሳልለካ አውቀዋለሁና ጫፉን በእጄ ቀምቅሜ አሳጠርሁት። ኮምፒውተሩን ለማን እንደምትተወው ስጠይቃት፣ እዚያው ይሁን አለች። ከአልጋዋ ሥር ነው ያለው። ከሰሉ ከቁልፎቹ መካከል አሁንም አልወጣም።

የሄደች ዕለት ጠዋት ሚኒባሱ በር ላይ ጥሩንባ ሲነፋ፣ እናቷን ስማ ወደ እኔ መጣች። ለሥራ ደሴ እንድትሄድ ሁለት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጥተው ለምነውኛል። ለዚህኛው ማንም አልመጣም፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ የምሰጠውም ቃል አልነበረም። ዱዓ ላደርግላት ሁለት እጆቼን ዘረጋሁ። ሕይወቴን ሙሉ ቃል አጥሮኝ አያውቅም። አፌን ከፈትሁ፣ ምንም አልወጣም። እጆቼ እንደተዘረጉ ቀሩ።

ልጄ ጥቂት ጠበቀች። ሹፌሩ እንደገና ጥሩንባውን ነፋ። ያን ጊዜ፣ ምንም ሳልል፣ "አሚን" ብላ ፊቷን በሁለት እጇ አበሰችና ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።